ደብተሬን ያነበበው ማነው?

አንድ የቆየ ወዳጅ አለኝ፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መጻፍ ይወዳል። ደራሲ እንዳይመስላችሁ፤ ማስታወሻ ነው የሚጽፈው። ድሮ ኪስ ውስጥ ከምትገባ ትንሽ ደብተር አይለይም ነበር። የሰማውን ቀልድ፣ የገዛውን ስኳር፣ ያበደረውን ብር፣ የሚጠይቀው በሽተኛ የተኛበትን የአልጋ ቁጥር ሳይቀር ይጽፋል። በኋላ ደብተሩ ስልኩ ውስጥ ገባ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልኩ ማስታወሻ መያዣ ላይ ሲጽፍ ኖረ። ሰሞኑን ደግሞ፣ የዘመኑ ሰው አይደል፣ ያንን ሁሉ ማስታወሻ ከአንድ የኤአይ ረዳት ጋር አገናኘው።

«ምን ጠየቅኸው?» አልኩት።

«ጀምሬ ያልጨረስኩትን ነገር ሁሉ ፈልገህ አውጣልኝ አልኩት።»

ረዳቱ በደቂቃ ውስጥ ደረደረለት። ያልታደሰ መንጃ ፈቃድ፣ ተውሶ ያልመለሰው መጽሐፍ፣ ለእህቱ ልጅ ቃል የገባለት ብስክሌት። ወዳጄ ሳቀ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ የሥራ ባልደረባው 4,000 ብር አበድሯል፤ ብሩ ስለመመለሱ የተጻፈ ነገር የለም። ረዳቱ መቼም ትጉህ ነው፤ ገንዘቡን በጨዋ ቋንቋ የሚያስታውስ አጭር መልእክት አርቅቆ አቅርቦለታል።

ያ ባልደረባ በዚያው ዓመት ልጁን ቀብሯል። ወዳጄ ለቅሶ የደረሰ ዕለት ብሩን በልቡ ተወው። መተዉን ግን የትም አልጻፈም። ማን ይጽፈዋል?

«አልላክኸውም አይደል?» አልኩት ደንግጬ።

«ኧረ አልላክሁም። ግን አንድ ነገር ተሰማኝ» አለኝ። «ደብተሬን ሌላ ሰው ያነበበው መሰለኝ።»

ይህ አነጋገሩ ነው ታሪክ ወደ ማገላበጥ የመራኝ። ለመሆኑ ሰው ለራሱ የያዘውን ማስታወሻ ሌላ አንባቢ ሲገባበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው እንዴ?

በእኛ አገር ጥንት አንድ ጉዳይ ተጽፎ እንዲቆይ ሲፈለግ ከሁሉ የሚታመነው ቦታ ወንጌሉ ነበር። በየገዳማቱ በሚገኙ የወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስት ስጦታ፣ የንብረት ዝርዝር፣ የስምምነት ቃል ይመዘገብ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው ርስት ሳይቀር፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር ባለው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወንጌለ ወርቅ ይሉታል። ዘዴው ቀላል ነው። ወንጌል አይጣልም፣ እንደ ተራ ዕቃም አይሸጥም። ጽሑፉን በሚፍቅ ሰው ላይ ደግሞ ውግዘት ተጽፎበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ማስታወሻ ሌላው እንዲያነበው ተብሎ የተጻፈ ነው። ክርክር ሲነሳ ይወጣል፣ በሽማግሌ ፊት ይነበባል። ስለዚህ ምንም ነገር አይጎድለውም፤ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ምስክሩ በስም ተዘርዝረው ይቀመጣሉ።

የግል ደብተር የዚህ ግልባጭ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀውን ነገር አይጽፍም። «ማክሰኞ፣ ያ ጉዳይ» ብሎ ይዘጋል። የትኛው ጉዳይ? እሱ ያውቀዋል። የግል ማስታወሻ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ የቀረው ግማሽ በጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ለዚህም ነው የደብተር ባለቤቶችን ለዘመናት ያስጨነቃቸው ነገር ምሥጢር ከመጠበቅ ይልቅ የጻፉትን መልሶ ማግኘት የሆነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ካነበበው ሁሉ እየቀነጨበ በደብተር መያዝ የጀመረው ገና በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ነው። ለዓመታት ከሠራበት በኋላ የደብተር አያያዝ ዘዴውን በ1686 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳተመ፤ ከሞተ በኋላም በ1706 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጣ። ዘዴው ማውጫ ነው። የአንድን ርዕስ የመጀመሪያ ፊደልና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ አናባቢ ይወስዳል፤ እያንዳንዱን ፊደል በአምስቱ አናባቢዎች ይከፋፍልና ገጹን እዚያ ላይ ያስመዘግባል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሎክ ያን ያህል የደከመበትን ነገር የእኛ ፊደል ከነተፈጥሮው ይዞታል እኮ! «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ስንል ፊደሉም አናባቢውም አንድ ላይ ነው፤ ያውም በአምስት ሳይሆን በሰባት። የሎክ ማውጫ ለእኛ ቆጥረን የጨረስነው የፊደል ገበታ ነው።

ከሎክ በኋላ ደብተሩ ወደ ካርድ ተለወጠ፤ የካርድን ነገር ደግሞ እስከ ጥግ የወሰደው ኒክላስ ሉማን የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሉማን በትምህርቱ የሕግ ሰው ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠራ ቆይቶ በኋላ በቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ዩኒቨርሲቲው የምርምር ፕሮጀክቱን እንዲያስመዘግብ ቢጠይቀው ርዕሱን የኅብረተሰብ ንድፈ ሐሳብ፣ የሚፈጀውን ጊዜ 30 ዓመት፣ ወጪውን ባዶ አድርጎ ሞላው ይባላል። እውነትም ዋናው መጽሐፉ በ1997 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እሱም በዓመቱ ሞተ።

ረዳቱ የእንጨት ሣጥን ነበር። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ያነበበውንና ያሰበውን በትንንሽ ወረቀቶች እየጻፈ እነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ይከታል። በመጨረሻ ወረቀቶቹ 90,000 ገደማ ደረሱ። ሉማን በርዕስ አልደረደራቸውም። እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር አለው። አዲስ ሐሳብ ሲመጣለት ከሚቀርበው ወረቀት ኋላ ይሰካዋል፤ የ57/12 ተከታይ ካስፈለገ 57/13 ይለዋል፣ በመሐል ለሚገባው ደግሞ 57/12ሀ እንደማለት ፊደል ይጨምርበታል። እንዲህ እየተባለ ቅርንጫፉ በቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል። አንዱ ወረቀት ላይ ደግሞ የሌላው ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደ ወዲያኛው እየተባለ ይኬዳል። ማውጫም ነበረው፤ ግን ለአንድ ቃል አንድ ሁለት ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ከበሩ አስገብቶ የቀረውን መንገድ በራስህ ሂድ የሚል ዓይነት ማውጫ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ሉማን ስለዚህ ሣጥን አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። እዚያ ላይ ያለው ሐሳብ ዛሬ ሳነበው ይገርመኛል። ሣጥኑን እንደ ዕቃ አይቆጥረውም፤ እንደ ጭውውት ባልደረባ ነው የሚያየው። ምክንያቱ ሣጥኑ ያስደንቀዋል። ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈውንና የረሳውን ነገር፣ ትናንት ከጻፈው ጎን አድርጎ ያቀርብለታል። ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት የሚጠብቀው ይህንኑ አይደል? የምታውቀውን ብቻ የሚነግርህ ሰው ጋር ምን ወግ አለ?

ሣጥኑ ግን አፍ አልነበረውም። ሉማን ካልሳበው አይሳብም። ሌሎች ሰዎች ይህን ዝነኛ ሣጥን ለማየት ይመጡ ነበር፤ ወረቀት ብቻ አይተው ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። ሉማን ይህንንም አንድ ካርድ ላይ መዝግቦታል። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። 90,000 ወረቀት ለሌላው ሰው ክፍት ሆኖ እንኳ ዝግ ነበር፤ ቁልፉ ሰውዬው ራሱ ነዋ። ዩኒቨርሲቲው ሣጥኖቹን በ2011 እ.ኤ.አ. ወሰዳቸው፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ምሁራን ተሰብስበው ወረቀቶቹን በዲጂታል መልክ የማቅረብ ሥራ ያዙ። አንድ ሰው ለራሱ የጻፈውን ለማንበብ ስንት ምሁር እንደሚያስፈልግ ተመልከቱ።

ማሽን በማስታወሻችን ላይ ይግባ የሚለው ሕልም ግን ከሉማን ሣጥንም ይቀድማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካንን የሳይንስ ምርምር የመራው መሐንዲስ ቫኒቫር ቡሽ በሐምሌ 1945 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ መጽሔት ላይ አንድ መጣጥፍ አወጣ። «ሜሜክስ» ብሎ የሰየመውን ጠረጴዛ ይገልጻል። ሰው መጻሕፍቱን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ማስታወሻዎቹን ሁሉ በማይክሮፊልም ጠረጴዛው ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንዱን ከአንዱ ጋር እያያያዘ የሐሳብ ዱካ ያበጃል፤ ከዓመታት በኋላ ዱካውን ተከትሎ ይመለሳል። ሜሜክስ አልተሠራም። ሐሳቡ ግን ኢንተርኔት ላይ ዛሬ ከገጽ ወደ ገጽ ለምንሸጋገርበት ማያያዣ ከአባቶቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ቡሽ ግን አንድ ነገር አልጠረጠረም። ዱካውን የሚያበጀው ሰው ነው ብሎ ነው ያሰበው፤ ጠረጴዛው የሰውየውን ደብዳቤ ራሱ አንብቦ ይረዳል አላለም።

ስልክና ኮምፒዩተር ሲመጣ ሣጥኑ ወደ ማይታይ ቦታ ሄደ። ኤቨርኖት የተባለው ማስታወሻ መያዣ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ አርማው የዝሆን ራስ ነበር፤ ዝሆን አይረሳም ይባላል። ሚሊዮኖች ደብተራቸውን እዚያ አስቀመጡ። በታኅሣሥ ወር 2016 እ.ኤ.አ. ኩባንያው አዲስ ደንብ አወጣ። ማሽኑ ከማስታወሻዎች እንዲማር እያደረግን ስለሆነ፣ በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ አንዳንድ ሠራተኞቻችን ጽሑፋችሁን ሊያዩ ይችላሉ የሚል። ጩኸቱ አስተጋባ። በቀናት ውስጥ ኩባንያው ደንቡን አነሳና፣ እንዲህ የሚደረገው ባለቤቱ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው አለ። በዚያን ጊዜ ሰውን ያስቆጣው ማሽኑ አልነበረም፤ የሰው ዓይን ነው። ማሽንማ ምን ያውቃል ተብሎ ነው።

ማሽኑ ማወቅ የጀመረው፣ ወይም የሚያውቅ መምሰል የጀመረው፣ ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ይህ ሁሉን አዋቂ ስለ ዓለም ሲነግረኝ ስለ እኔ ለምን ምንም አያውቅም? መልሱ ግልጽ ነበር፤ ደብተሬን ስላላየ ነው። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ማስታወሻ መያዣ የተለየ መገናኛ መሥራት ያስፈልግ ነበር። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የግንኙነት ደንብ አወጣ፤ ሌሎቹ ትልልቅ ኩባንያዎችም ተከተሉት። ልክ እንደ ግድግዳ ሶኬት ነው። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ማንም ዕቃውን አምጥቶ ይሰካል። ወዳጄ የሰካው ይህንን ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረዳቱ ደብተሩን በቃሉ አይሸመድደውም። ጥያቄ ሲቀርብለት ማስታወሻ መያዣውን እንዲፈልግ ያዝዛል፤ የተገኙት ቁራጮች ይመጡለታል፤ እነሱን አንብቦ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቁራጮቹ የሚሄዱት ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ነው፤ ስልክህ ውስጥ አይቀሩም። በራስ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ሞዴሎችም አሉ፤ አቅማቸው ግን ከትልልቆቹ ያንሳል። ፍለጋውም የድሮው ዓይነት ላይሆን ይችላል። በድሮው ፍለጋ «ፀሐይ» ብለህ ጽፈህ «ጸሐይ» ብለህ ብትፈልግ አታገኝም፤ በሁለቱ ጸ የተነሳ ስንት ማስታወሻ ጠፍቶብናል! አሁን አንዱ ዘዴ ጽሑፉን ወደ ቁጥሮች መለወጥ ነው፤ ትርጉማቸው የሚቀራረብ ጽሑፎች ቁጥራቸውም ይቀራረባል። የወዳጄ ማስታወሻ ላይ «ብድር» የሚል ቃል የለም። «4,000፣ እስከ መስከረም» ነው የሚለው። ረዳቱ ብድር መሆኑን ከአኳኋኑ ገመተ። ገምቶም አልተሳሳተም! ያልተጻፈውን ብቻ ነው ያላወቀው።

ለረዳት ደብተር መስጠት ነገሥታቱም የኖሩበት ጉዳይ ነው። ቤተ መንግሥታችን ጸሐፌ ትዕዛዝ የሚባል ሹም ነበረው፤ የንጉሡን ቃል ይጽፋል፣ ማኅተሙን ይይዛል። ጸሐፌ ትዕዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው እንደነበሩ የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ይመሰክራሉ። ሌላም ሹመት ነበራቸው፤ የሥልጣናቸው ሥር ግን ብዕሩና ማኅተሙ ነው። ማንበብና መጻፍ አንድ ነገር ነው፣ ማኅተም ሌላ ነገር ነው። የዛሬውም ረዳት ሲገናኝ ፈቃድ ይጠይቃል። ማንበብ ብቻ? መጻፍም? መሰረዝም? መልእክት መላክም? ሰው ቸኩሎ ሁሉንም «እሺ» ይላል። ወዳጄም እንዲሁ ነበር ያለው። ያቺ የጨዋ መልእክት ያልሄደችው ረዳቱ በሥሪቱ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ ብቻ ነው።

ማኅተሙን ለመስጠት የሚያሰጋ ሌላም ነገር አለ። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ደብዳቤ መጣላቸው እንበል። የጎረቤት ልጅ ጠርተው «አንብብልኝ ልጄ» ይሉታል። ደብዳቤው መሐል ላይ «ሣጥኑን ከፍተህ ገንዘቡን ለዚህ ሰው ስጥ» የሚል አለበት። ልጁ ያነበዋል እንጂ ተነስቶ ሣጥን አይከፍትም። እነዚህ ረዳቶች ግን የባለቤታቸውን ትዕዛዝና በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ የተሸሸገ የሌላ ሰው ትዕዛዝ ለይቶ ማወቅ ይቸግራቸዋል። ከአንድ ቦታ ገልብጠህ ማስታወሻህ ላይ የለጠፍከው ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ሊኖር ይችላል። ባለሙያዎቹ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስም አውጥተውለት ይነጋገሩበታል፤ እስካሁን ሙሉ መድኃኒት አልተገኘለትም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ የአልጋ ቁጥሩ ነው። ያ በሽተኛ ለወዳጄ ነው ሕመሙን የነገረው። አበዳሪና ተበዳሪ፣ የታመመ ዘመድ፣ ትዳሩ የተናጋ ጎረቤት፤ የአንድ ሰው ደብተር ግማሹ የሌላው ሰው ገመና ነው። «እሺ» የሚለውን ቁልፍ የተጫነው ወዳጄ ነው፤ እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። የሠፈራችን ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር የሚያስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የማን ቤት በወሩ መጨረሻ ዘይት በዱቤ እንደወሰደ ለሌላው ደንበኛ አይታይም። ባለ ሱቁ ማኅበራዊ ሳይንስ አልተማረም፤ ግን ያውቃል።

ከሳምንት በኋላ ወዳጄን አገኘሁት። ረዳቱን አላቋረጠውም። «ይጠቅመኛል» አለኝ፤ መንጃ ፈቃዱን አሳድሷል፣ መጽሐፉን መልሷል። ፈቃዱን ግን ወደ ማንበብ ብቻ ዝቅ አድርጎታል፤ የሰው ጉዳይ የሆነውንም ለይቶ ረዳቱ የማይገባበት ቦታ አኑሮታል።

«የ4,000ዋስ?» አልኩት።

«‹ተትቷል› ብዬ ልጽፍባት ከፈትኳት» አለ። «ከዚያ እጄ ቆመ። ለማን ነው የምጽፈው? እኔ አውቀዋለሁ። የማያውቀው ማሽኑ ብቻ ነው። በገዛ ደብተሬ ለሌላ ላስረዳ ነው እንዴ አልኩ። ልሰርዛት አሰብኩ። ደግሞ ሳያት ከብሩ በታች ሌላ መስመር አለባት፤ ገንዘቡን ሲወስድ ስለ ልጁ የነገረኝን ጽፌባታለሁ። እንዴት እሰርዛታለሁ?»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

ከኮቱ ኪስ አዲስ ትንሽ ደብተር አወጣ፤ ሽፋኗ ጥቁር፣ ገና ያልታሸች። ማስታወሻውን በእጁ ገልብጦባት ከስልኩ አጥፍቶታል። ገጹን ገልጦ በጣቱ ያዘው፤ ከዚያ ዘጋና መልሶ ኪሱ ከተታት። እኔም ላንብበው አላልኩም።